ሰባት ቁጥር ላይ የሚንጠባጠብ ክር

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ዝናብ። የሥራ ባልደረባዬ እትዬ ጄራልዲን በፒክአፗ መጥታ ወሰደችኝ፤ አስር ደቂቃ ቀድማ፣ ጥሩምባዋን እያንባረቀች። አባዬ በመስኮት አይቶ፣ "ሴትዮዋ ሙታን ልትቀሰቅስ ነው?" አለ። ቁርሱን በልቷል። ጎመኑን ግን ትቶታል።

ፋብሪካው ያው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አይቼው አልጠገብኩትም። የቀለጠው ናይለን በብረቱ ወንፊት ቀዳዳዎች ሾልኮ ቁልቁል ሲወርድ… እንደ ማር ሆኖ ይገባል፣ ክር ሆኖ ይወጣል። ከወንፊቱ ሥር የማብረጃ ሳጥኑ አለ፤ እዚያ ቀዝቃዛ አየር በጎን ይነፋበታል። ከአንድ ሰው ቁመት ባነሰ መንገድ ፈሳሹ ጠጣር ይሆናል። ልጅ ሆኜ ቢነግሩኝ ተረት ነው እል ነበር።

ሰባት ቁጥር ወንፊት ላይ ክሩ ዛሬም አራቴ ተበጠሰ። ባለፈው ወር ቀጭኑን ክር መሥራት ከጀመርን ወዲህ እንዲህ ነው። የምንጣፍ ክር ስንሠራ በሳምንት አንዴ ቢበጠስ ነበር። እትዬ ጄራልዲን የወንፊቱን ፊት በነሐስ መፋቂያዋ ጠርጋ፣ ክሩን ሰብስባ፣ እንደገና ወደ ታች ላከችው።

"ይሄ ክር የመጀመሪያ ባሌን ነው የሚመስለኝ" አለች። "ቀጭን፣ ቆንጆ፣ በትንሽ በትልቁ ጥሎ የሚሄድ።"

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆመ። ደረቅ ጫማ፣ ትኩስ ሾርባ፣ የሚነጫነጭ አባት። ተመስገን።

ማርች 6፣ ሐሙስ

ሰባት ቁጥር፣ አምስቴ። ሌሎቹ ሰባት ወንፊቶች ደህና ናቸው። ለምን እሱ ብቻ?

ማርች 10፣ ሰኞ

ለእትዬ ጄራልዲን ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ወረቀት መጣላት። ሦስተኛው ከመጣ ስንብት ነው። ጡረታዋ ሊሞላ አስራ አራት ወር ቀርቷል።

ወረቀቱን ይዞ የመጣው ዌንደል ራሱ ነው፣ የፈረቃ ኃላፊያችን። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲቀጠር መፋቂያ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። ዓይኗን ማየት አቃተው። ወረቀቱን ለጫማዋ አነበበላት።

"እትዬ ጄራልዲን፣ ደንቡ እኮ ነው። በአንድ ፈረቃ ከስድስት በላይ ከተበጠሰ የጠራጊው ጥፋት ነው ይላል። እኔ አልጻፍኩትም።"

"አውቃለሁ። አንተ መጻፍ የት ታውቅና።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ፈረመች። ስትፈርም እጇን አየሁት። ተንቀጠቀጠ… ወይስ መሰለኝ?

ዌንደል ወደ መቆጣጠሪያው ሄዶ ሙቀቱን ሁለት ዲግሪ ከፍ አደረገው። የቤቱ ሕግ ነው፤ ሲያንጠባጥብ ሙቀት ጨምር። እሱ ከቀድሞው አለቃ ተማረ፣ ያም ከሱ በፊት ከነበረው። "ናይለን እንደ አሮጊት ነው፣ ሲበርደው ይሰባበራል" ይላሉ። በምንጣፍ ክር ጊዜ እውነት ነበር፤ አይቻለሁ።

እኔ ጎኗ ቆሜ መፋቂያዬን ጠረግሁ። ንጹሕ የነበረውን።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

ሁለት ዲግሪ ተጨምሮለት… ስድስቴ። አንድ ቢደገም አብቅቶላት ነበር። እስከ ደወሉ ድረስ ሁለታችንም ዓይናችንን ከክሩ አልነቀልንም።

ማርች 13፣ ሐሙስ

የባትሪ መብራት ከቤት ይዤ ሄድኩ። ሰባት ቁጥር ፊት ተንበርክኬ ከጎን አበራሁበት። እትዬ ጄራልዲን፣ "ምን ጠፋሽ? የወርቅ ጥርስሽ?" አለች።

አየሁት። ሊበጠስ ሲል ክሩ ላይ ጉብ ጉብ ይላል። ጠዋት የሸረሪት ድር ላይ ጤዛ በመስመር እንደሚቀመጥ፣ ልክ እንደዚያ። ከዚያ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ይሰልላል፣ ይሰልላል… ቅጭ። ጠብታው ይወድቃል፣ ክሩ ያልቃል።

ቤት ስገባ መጽሐፌን አወጣሁ። የፋብሪካው ቢሮ ሲታደስ ከጣሉት ክምር ያነሣሁት ነው። ሽፋን የለውም። ከገጽ አርባ አንድ ይጀምራል፤ መካከሉን ዘይት በልቶታል። አስረኛ ክፍል ላይ ላቆመች ሴት ከባድ ነው። የማላውቀውን ቃል በእርሳስ አሰምርበታለሁ፤ ትርጉሙን ሳገኝ መስመሩን አጠፋለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። የጠፋው መስመር አሁን ከቀረው ይበልጣል።

ፈሳሽ ሁሉ ገጹ ላይ ውጥረት አለው ይላል። እኔ ቆዳ እለዋለሁ። ቆዳው ሁልጊዜ መሰብሰብ፣ መኮማተር ይፈልጋል። ጠብታ ድቡልቡል የሆነው ለዚህ ነው። ፈሳሽ ክር ሆኖ ሲወርድ ቆዳው አይወድም፤ እዚህም እዚያም አንቆ ቆራርጦ ወደ ጠብታ ሊመልሰው ይታገላል። የሚቋቋመው ሰውነቱ ነው፣ ዝልግልግነቱ። እንቢ እያለ ያዘገየዋል። እስከዚያ ከበረደና ከጠነከረ ተረፈ።

ክሩ በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ቆዳው ይበረታበታል። ይህቺን አራቴ አነበብኳት።

ታዲያ ሙቀት ሲጨመር ማን ይጠቀማል? ቆዳው ወይስ ሰውነቱ?

ማርች 15፣ ቅዳሜ

መጽሐፉ የተበላው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሽሮፕ አወጣሁ።

አባዬ ስድሳ መከር የጥንቅሽ ሽሮፕ አፍልቷል። ከመጨረሻው መከር ሦስት ማሰሮ ቀርቶናል። ሦስት ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ወስጄ ታቻቸውን በሳሁ፤ አንዱን በወፍራም ሚስማር፣ አንዱን በቀጭን፣ አንዱን በመርፌ። በረንዳው ላይ መሰላል ዘረጋሁ። አባዬ ወንበሩን ይዞ ወጣ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሽሮፕ እያፈሰስኩ።"

"እሱንማ አያለሁ። ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ አልታወርኩም።"

ቀዝቃዛው ሽሮፕ በወፍራሙም በቀጭኑም ቀዳዳ ክር ሆኖ እስከ ታች ወረደ። ሰነፍ፣ የሚያምር ክር። አሞቅሁት። በወፍራሙ አሁንም ክር ነው። በቀጭኑ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ጉብ ጉብ ማለት ጀመረ። በደንብ አሞቅሁት። በመርፌው ቀዳዳ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ… ክር የሚባል የለም።

መሰላሉ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ብቻዬን። አባዬ ጣቱን ከታች ካለው ሳህን ነክሮ ላሰ።

"አንተ ሽሮፑ መድረሱን በምን ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"በጭልፋው ነዋ። ገና ቀጭን ሳለ ከጭልፋው ጠብ ጠብ ይላል። ሲደርስ ጠብታዎቹ ተያይዘው እንደ መጋረጃ ይወርዳሉ። እናትሽን ያገባኋት በዚያ ነው።"

"በጭልፋ?"

"ጭልፋውን ትይዝልኝ ነበር። እጇ አይንቀሳቀስም። እኔ ግን ሽሮፑን አላይም ነበር፣ ሁለት በርሜል አሳረርኩ።"

እንግዲህ ሰውዬው ሳይማር ያውቀው ነበር። ስድሳ ዓመት በጭልፋ አንብቦታል። እኔ ሰባት ዓመት በዘይት የተበላ ወረቀት ስፈትሽ… ያም ሆነ ይህ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አንባቢ። ተመስገን።

መሰላሉን ስመልስ ጉንዳን ወሮታል።

ማርች 16፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። እትዬ ጄራልዲን የመዝሙር መጽሐፉን እኔ እንድይዘው አደረገች። ሁልጊዜ እሷ ናት የምትይዘው። ግራ እጇን ከካፖርቷ ኪስ አላወጣችም።

በኋላ መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳታስነሣ፣ "የእናቴን እጅ ታስታውሻለሽ?" አለችኝ።

አስታውሳለሁ። በመጨረሻ ማንኪያ መያዝ አቅቷት ነበር።

"እሷንም መንቀጥቀጡ የጀመራት በስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ በእኔ ዕድሜ። ክሩ አይደለም አይቫ። እጄ ነው። እኔው ነኝ የምበጥሰው።"

"አይደለም" አልኩ።

"በምን አወቅሽ?"

የሽሮፑን ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ሁሉ እንደ ገለባ ቀለለብኝ። "አይደለም" ብቻ ደገምኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና ሞተሩን አስነሣች።

ማርች 18፣ ማክሰኞ

ዌንደልን አናገርኩት። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በምሳ ሰዓት፣ እጄን መሐረብ ውስጥ ጠቅልዬ።

"ዌንደል፣ ሙቀቱን ብታወርደውስ?"

"ላውርደው? ለምን?"

"ክሩ ቀጭን ነው። ሲሞቅ ሰውነቱ ይላላል፣ ቆዳው ያሸንፈዋል… ሽሮፕ ላይ ሞክሬዋለሁ።"

ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሊስቅ አልፈለገም፤ ግን ሳቀ። "አይቫ፣ የኔ እናት፣ ሽሮፕ ከሆነ ነገ ቂጣ ይዤ እመጣለሁ።"

ከምሳ በኋላ ሁለት ዲግሪ ጨመረ። ስድስቴ ተበጠሰ። ሰባተኛው ጉብ ጉብ ማለት ጀምሮ ሳለ ደወሉ ጮኸ፤ የሚቀጥለው ፈረቃ ተረከበን። እትዬ ጄራልዲን መፋቂያዋን ሰቅላ ግድግዳውን ተደገፈች። ዓይኗን ጨፈነች።

ማርች 20፣ ሐሙስ

ምክንያቱን አገኘሁት፤ ምነው ባላገኘሁት።

ጠዋቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲበላኝ ነበር። ሙቀቱ ለስምንቱም እኩል ነው። ናይለኑ ከአንድ ጋን ነው የሚመጣው። ክሩ ሁሉም ጋ ቀጭን ነው። ታዲያ ሰባት ቁጥር ብቻ ለምን? ሳይበርድ የሚቆየው እሱ ብቻ ቢሆንስ? ከሚያንቀው ቆዳ ጋር ብዙ የሚቆየው…

አየሩ!

ከምሳ በፊት የሰባት ቁጥርን ሳጥን በር ከፍቼ እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ። ለስላሳ ነገር ነካሁ። የተጠቀጠቀ ውዳቂ ክር፣ በሰማያዊ ቴፕ የተጠቀለለ።

ሰማያዊው ቴፕ የእኔ ነው።

አምና በጃንዋሪ ነው። የሳጥኑ በር አይገጥምም፤ በክፍተቱ የሚወጣው ቅዝቃዜ ቀኑን ሙሉ እትዬ ጄራልዲን ጉልበት ላይ ይነፋ ነበር። ያበጠ ጉልበት። በር ይጠገን ብለን ሁለቴ አመለከትን፣ መልስ የለም። እኔም አንድ ቀን ውዳቂ ክር ጠቅልዬ ክፍተቱን ወተፍኩት። ለማንም ሳልናገር። እሷም "ዘንድሮ ብርዱ ቀለል ብሎልኛል" ስትል ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ያ ውታፍ በዓመት ውስጥ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። የአየሩን መውጫ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ሸፍኖታል። ወፍራሙን የምንጣፍ ክር ምንም አላደረገውም። ቀጭኑ ግን ያቺን አንድ ክንድ መንገድ በሙቀቱ ይወርዳል፣ ቆዳው ያንቀዋል…

እጇ አይደለም። እኔ ነኝ።

ነቅዬ አላወጣሁትም። በሩን ዘጋሁ፣ ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። መሣሪያ የነካካ በአንድ ጊዜ ይባረራል ይላል ደንቡ። አባዬስ?

ማርች 21፣ ዓርብ

ጠዋት ሰው ሳይገባ አወጣሁት። ጃኬቴ ውስጥ ሸሽጌ ቤት አመጣሁት። አልጋዬ ሥር አለ። እንደ ሌባ።

ዜሮ። አንድም ጊዜ አልተበጠሰም።

እንዲህ ቀላል ነው? ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይጎዳ… ተመስገን ልል ፈለግሁና ቃሉ አልመጣልኝም።

ማርች 24፣ ሰኞ

ዛሬም ዜሮ። ዌንደል በደስታ ክንፍ አውጥቷል።

"አያችሁ? ማስጠንቀቂያ ይሠራል! እትዬ ጄራልዲን፣ ትንሽ ሲያስፈራሩዎት እጅዎ ወደ ሃያ ዓመት ተመለሰ እኮ!"

ለማጽናናት መስሎት ነው። እሷ መፋቂያዋን አንስታ ወደ ሰባት ቁጥር ዞረች። ቀልድ ሳትመልስለት ስትቀር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጉልበቷን በሁለት እጇ ስታሽ አየኋት። "ብርዱ ተመለሰ" አለች። "እንግዲህ ሁሉም አንዴ ነው የሚመጣው።"

ማርች 25፣ ማክሰኞ

መኪናው ውስጥ ነገረችኝ። ሐሙስ የመልቀቂያ ወረቀት ልትፈርም ነው።

"ግን አልተበጠሰም እኮ! ሦስት ቀን ሙሉ!"

"ለዚህ ነው። ተጠንቅቄ ስይዘው አይበጠስም ማለት ነው። ስለዚህ እጄ ነበር። ሦስት ቀን ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት፣ አይቫ። አስራ አራት ወር ጥርሴን ነክሼ አልችልም። ከሚያባርሩኝ በእግሬ ልውጣ።"

"ጡረታሽስ?"

"ግማሹን ይሰጡኛል። ግማሽ ሴት ነኝ፣ ይበቃኛል።" ሳቀች።

የእኔ ዝምታ ያደረገውን እይ። ውታፉን አወጣሁ እንጂ ውሸቱን አላወጣሁትም። አሁን የምትጠነቀቀው በከንቱ ነው። የምትለቀውም በከንቱ ነው።

ነገ ረቡዕ ነው። መሐንዲሷ ማሪሶል ከዋናው መሥሪያ ቤት የምትመጣበት ቀን።

ለአባዬ ነገርኩት። ሁሉንም። ብባረር ምን እንሆናለን አልኩት። "ባቄላ እንበላለን" አለ። "ባቄላ እወዳለሁ።" አይወድም።

ማርች 26፣ ረቡዕ

ተናገርኩ።

እንደሆነው ልጻፈው። ውታፉን በወረቀት ከረጢት ይዤ ገባሁ። ማሪሶልና ዌንደል ሰባት ቁጥር ፊት ቆመው መዝገብ ያያሉ። እትዬ ጄራልዲን መፋቂያዋን ይዛለች። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩና፣ "ሰባት ቁጥርን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ማሽኑ ይጮሃል፣ አልሰሙኝም። ደገምኩት። ጮክ ብዬ።

ዌንደል፣ "ምን አልሽ?"

ውታፉን አወጣሁት። የት እንደነበረ፣ መቼ እንዳስገባሁት፣ ለምን እንዳስገባሁት። ሁሉንም አንድ ትንፋሽ ላይ። እትዬ ጄራልዲን አፏን ይዛለች።

ዌንደል ራሱን ነቀነቀ። "አይቫ፣ ጓደኛሽን ለማዳን ነው ይሄ። ገብቶኛል፤ ግን…"

"መልሼ ላስገባው" አልኩ። "ሲበጠስ ታያለህ። የምትጠርገው ግን አንተ ነህ። እትዬ ጄራልዲን እጇን ኪሷ ትክተት።"

ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ? እኔ።

ማሪሶል ዌንደልን አየችው። "ሙከራ ነው፣ ምን ይጎዳናል?" አለች።

ዌንደል ጓንት አጠለቀ። የወንፊቱን ፊት አጥርቶ ጠረገው፣ እሷ እንዳስተማረችው፣ ከመካከል ወደ ውጭ። ክሩን ላከ። ውታፉን ቦታው ከተትኩ። የባትሪ መብራቴን ለማሪሶል ሰጠኋት። ቆምን።

በአስራ ስምንተኛው ደቂቃ ጉብ ጉብ አለ።

"ኦ" አለች ማሪሶል። ተንበረከከች፣ በንጹሕ ሱሪዋ። "ኦ፣ እይው!"

ተበጠሰ። ዌንደል ጠርጎ እንደገና ላከ። እንደገና ተበጠሰ። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። እትዬ ጄራልዲን ከኋላው፣ "ልጄ፣ እጅህ አርጅቷል መሰለኝ። ማስጠንቀቂያ ይጻፍልህ?" አለችው።

ውታፉን አወጣሁ። ሃያ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ… ክሩ እንደ ጸሎት ቀጥ ብሎ ወረደ። ከዚያ ማሪሶል በመቆጣጠሪያው ሙቀቱን አራት ዲግሪ ዝቅ አደረገችው። ይበልጥ ቀጥ አለ።

ወደ እትዬ ጄራልዲን ዞርኩ። ሁለቱን እጆቿን ከኪሷ አውጥታ እያየቻቸው ነበር። ከሆነ ቦታ ጠፍተው የተገኙ ይመስል። ከዚያ እኔን አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር።

"አንቺ…" አለች። ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች፤ ብዙ ቆየች።

ዌንደል ውሳኔው የእሱ እንዳልሆነ ነገረኝ። ለቢሮ ይጽፋል። እስከ ሳምንት ድረስ ሥራ ላይ ነኝ።

ማርች 27፣ ሐሙስ

እትዬ ጄራልዲን ጠዋት መጣች። በሰዓቷ፣ አስር ደቂቃ ሳትቀድም። ጥሩምባ የለም። ግማሽ መንገድ ነዳች።

"አስር ቀን እናቴን ሆኜ ከረምኩ" አለች በመጨረሻ። "ያን አስር ቀን ማን ይመልስልኛል?"

"ማንም።"

"ባለፈው ሐሙስ አውቀሽ እስከ ረቡዕ ዝም አልሽ።"

"አዎ።"

ፋብሪካው በር ድረስ ነዳች። ሞተሩን አጠፋች። "ግን ተናገርሽ" አለች። "አንቺ። በሰው ፊት። ይሄንን እያሰብኩ መናደድ እያቃተኝ ነው፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።"

የመልቀቂያውን ወረቀት አልፈረመችም።

ማሪሶል ከመሄዷ በፊት ፈልጋኝ መጣች። "ወይዘሮ አይቫ፣ ይሄንን ከየት ነው የተማሩት?"

"ከጣላችሁት ወረቀት።"

ቀላች፣ ከዚያ ሳቀች። መጽሐፉ የተበላበትን ቦታ ጠየቅኋት፤ ሙቀት ለማን ያደላል አልኩ። ሳጥኑን ተደግፋ አስረዳችኝ። ሙቀት ቆዳውንም ያላላዋል አለች። እኔ ቆዳውን ያበረታዋል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ቆዳው ግን የሚላላው በጥቂቱ ነው፤ ሰውነቱ ግን በአንዴ ይሟሽሻል። ስለዚህ ቆዳው ሳይበረታ ያሸንፋል፣ ባላጋራው ስለ ወደቀለት። አንድ መስመር በእርሳስ አጠፋሁ። ደስታዬን ለማን ልንገር? ለአባዬ ነገርኩት። "እኔስ ምን አልኩ?" አለ። ምንም አላለም ነበር።

ቢያባርሩኝም ይህቺን ይዤ እሄዳለሁ።

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

ዛሬ ደብዳቤው መጣ። አልተባረርኩም። ማሪሶል ከሙከራው መዝገብ ጋር ደብዳቤ ጽፋልኛለች፤ ሁለቴ አመልክተን መልስ ያላገኘንበትን የበሩን ጉዳይም አንስታለች። የእኔ ቅጣት አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ። የእትዬ ጄራልዲን ሁለቱ ወረቀቶች ከፋይሏ ወጡ። ዌንደል እዚያው ፊታችን ቀደዳቸው፣ በጣም ደቃቅ አድርጎ፣ ከዚያ ራሱ መጥረጊያ አምጥቶ ጠረጋቸው። በሩ ተጠግኗል፤ አዲስ ላስቲክ ገብቶለታል። አየሩ ጉልበቷ ላይ አይነፋም፣ ለክሩም አይጎድልም።

እጇ አሁንም አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛለች፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ያም ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ስምንቱንም ወንፊት ጠርጋለች፣ አንድም አልበጠሰችም። ክሩ የሚንቀጠቀጥ እጅ አያስቸግረውም። ሲበጠስ ምክንያቱ የሚፈለገው ሌላ ቦታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ቁጥር ወንፊት ላይ ጉብ ጉብ ታየ። ዌንደል በልማድ ወደ መቆጣጠሪያው ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ማዶ ጮኸ፤ "አይቫ! ሙቀቱን ልጨምረው ወይስ ላውርደው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"መጀመሪያ አየሩን እየው!" አልኩ። "ከዚያ አንድ ዲግሪ አውርደው።"

አየ። አወረደ። ጉብ ጉቡ ቆመ።

የማስጠንቀቂያዬን ወረቀት ዌንደል ነው የጻፈው። 'የጥፋቱ ዝርዝር' የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጽፍ ቸግሮት ብዙ ብዕሩን ነከሰ። በመጨረሻ እውነቱን ጻፈ፤ "ሠራተኛዋ የባልደረባዋን ጉልበት ከብርድ ለመጠበቅ ብላ የማብረጃ ሳጥን ደፍናለች።" ፈረምኩ። እትዬ ጄራልዲን አንድ ቅጂ ካልተሰጠኝ አልወጣም አለች። ምን ያደርግልዎታል ቢላት፣ "ጉልበቱ የእኔ ነው፣ ይመለከተኛል" አለችው። ሰጣት።

ቤቷ ይዛኝ ገባች። ወረቀቱን በማግኔት ማቀዝቀዣዋ በር ላይ ለጠፈችው፣ ከልጅ ልጆቿ ፎቶ መካከል። አውርጂው፣ ያሳፍራል አልኳት።

መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ሦስተኛው ላይ መነጽሯን አወለቀች።

"ሁለት ባል አግብቻለሁ" አለች፣ መነጽሯን እየጠረገች። "ከሁለቱም እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልተጻፈልኝም።"